ሣባ ስትወድቅ

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሮም ውስጥ አናኚና ሜትሮ ጣቢያ ደጃፍ አውቶቡስ ስጠብቅ እትዬ ውባንቺን አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው ትልቅ ዘንቢል ይዘዋል፤ በሌላው ክንዳቸው አምስት ዓመት ያለፋትን የልጃቸውን ልጅ ሣባን ታቅፈዋል። የልጅቷ እግር ከአያቷ ጉልበት በታች ተንጠልጥሏል። ከዘንቢሉ አፍ ለራስ መከላከያ የሚደረግ ቀይ ካስኮ ብቅ ብሏል።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ እሷ እርስዎን ብትሸከም አይሻልም?» አልኳቸው።

«እግሯ እንዳይደክማት ብዬ ነው» አሉና ፊታቸው በራ። «እግዜር ነው የላከህ ዓባይነህ። አንተ አስተርጓሚ ነህ፣ ቃል ታውቃለህ። እዚህ ሜዳ ድረስ አብረኸኝ ና። ዛሬ ይቺን ልጅ ከዚያ ጨዋታ ላስወጣት ነው።»

እኔ እንኳን ቃል የማውቀው ወረቀት ላይ ነው። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ የወገኖቼን የልደትና የጋብቻ ሰነድ ወደ ጣልያንኛ እመልሳለሁ። ነገር ግን የተማረ ሰው የሚል ስም አንዴ ከወጣልህ ለእርቅም፣ ለጠብም፣ ቤት ለመከራየትም እየጎተቱ ይወስዱሃል። መጠራቱን ደግሞ አልጠላውም። አብሬያቸው ተሳፈርኩ።

በመንገድ ላይ ጉዳዩን ዘርዝረው ነገሩኝ። ልጃቸው ሶሊ ጣልያኖች «ፊሳ» የሚሏት ዓይነት ሠራተኛ ናት፤ አንዲት አሮጊት ቤት እያደረች ትሠራለች፣ ወደ ቤቷ የምትመጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሣባን ያሳደጓት አያቷ ናቸው። ሶሊ ልጅቷ ከማንም ልጅ ጋር እንደማትጫወት፣ ደረጃ ብቻዋን መውረድ እንኳ እንደምትፈራ አይታ ለትንንሽ ልጆች ቤዝቦል የሚያስጀምር ቡድን ውስጥ አስገባቻት።

«ኳሱስ ይሁን» አሉ እትዬ ውባንቺ። «ዱላው ምን ይባላል? ዱላ አስይዘው ሩጪ ይሏታል፤ በሄደች ቁጥር ትወድቃለች። መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ትገባለች፤ እኔም በዚያው ሰሞን ለጉልበቴ ኦፔራሲዮኔ ሆስፒታል እገባለሁ። እስከዚያ ገላዋ ሳይጫር ለእናቷ ላስረክባት። ከዚያ ወዲያ እንዳሻቸው ያድርጉ።»

የሰጡኝ ምክንያት በቂ መሰለኝ። ስለ ቤዝቦል የማውቀው ነገር ቢኖር ኔቱኖ የሚባለው የባሕር ዳር ከተማ ሰዎች እንደሚወዱት ብቻ ነው፤ በተረፈ ሮም ውስጥ ልጅ የሚጫወተው እግር ኳስ ነው ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ ንግግሬን በሆዴ እያዘጋጀሁ ሜዳው ደረስን።

ሜዳው ከአሮጌው የውኃ መተላለፊያ ግንብ ሥር ነው። ሣር ላይ አራት ማዕዘን ተሠርቷል፤ በየማዕዘኑ ልጆቹ ሮጠው የሚረግጡት ማረፊያ አለ፤ የመጨረሻውን ማረፊያ «ቤት» ይሉታል። ቤቱ አጠገብ አንድ የጎማ ዘንግ ቆሟል። ኳሷ ለስላሳ ናት፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች እንጂ የሚወረውራት የለም። ልጁ ዱላውን ይዞ ይመታታል፣ ከዚያ በየማረፊያው እየዞረ ወደ ቤት ይሮጣል። ነገሩ በቃል ሲነገር እንዲህ ቀላል ነው። በዐይን ሲታይ ግን አንዱ ኳሷን ትቶ ዘንጉን ይመታል። አንዷ በግራ መሄድ ሲገባት በቀኝ ትነጉዳለች። ሌላው መሀል ሜዳ ተቀምጦ አበባ ይለቅማል። ኳሷ በተመታች ጊዜም ሁሉም፣ መቺው ራሱ ሳይቀር፣ ላይዋ ላይ ይከመራሉ።

በዚህ ሁሉ ትርምስ መሀል አንዲት ረጅም ወጣት ጎንበስ ቀና ትላለች። አሠልጣኛቸው ሃርነት ናት። እናትና አባቷ በአማርኛ የተማሩ ኤርትራውያን ናቸው፤ እሷ ሮም ተወልዳ በስፖርት ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃለች። አንድ ልጅ ቤት በደረሰ ቁጥር ሁለት እጇን ግራና ቀኝ ዘርግታ «ሳልቮ» ትላለች፤ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ «ሳልቫ»። ዳኛ እንዲህ ሲል በሰላም ደርሰሃል ማለቱ ነው።

እትዬ ውባንቺ ሣባን ሊያስገቧት አልፈለጉም ነበር፤ ልጅቷ ግን ካስኮዋን ከዘንቢሉ አውጥታ ደፍታ ገባች። እኛ ከአጥሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ተራዋ ደረሰ። ሁለቴ ሳተች፤ በሦስተኛው ኳሷን አገኘቻት፣ ዱላውን ጥላ ሮጠች። ወደ መጀመሪያው ማረፊያ መንገድ ላይ እግሯ ተጠላለፈና በግንባሯ ተደፋች።

«እኔን! እኔን ይድፋኝ!» እትዬ ውባንቺ ከወንበሩ ብድግ አሉ። ቀና ብላ የነበረችው ልጅ በዚያች ቅጽበት መልሳ መሬት ላይ ተኛችና ለቅሶዋን ለቀቀችው። አያቷ በዚያ የታመመ ጉልበታቸው አጥሩን ዞረው ገብተው አቅፈዋት ተመለሱ።

ሃርነት ለልጆቹ የውኃ ዕረፍት ሰጥታ ወደ እኛ መጣች፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«ልጄ» አሉ እትዬ ውባንቺ፣ «በሶሊ ላይ አትዘኚባት። ጉዳዩን ጋሼ ዓባይነህ ይነግርሻል።»

እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። «እንግዲህ እህቴ፣ የአንቺ ድካም የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ሕፃን ልጅ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ደግሞ ጨዋታውን ሳየው አሸናፊ የለውም፤ ውጤት አይቆጠርም። አሸናፊ የሌለው ጨዋታ ለልጅ ምን ያስተምራል?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው ጋሼ» አለች። «አሎራ፣ እንግዲህ፣ ሣባ መጀመሪያ የመጣች ዕለት ማዛውን፣ ዱላውን ማለቴ ነው፣ ስሰጣት ለአጠገቧ ልጅ አቀብላ ከኋላዬ ተደበቀች። አሁን ተራዋን ትጠብቃለች፣ ሲደርሳት ትወጣለች። ብትስት ኳሷ እዚያው ናት፣ እንደገና ትሞክራለች፤ ማንም ሳትሽ ብሎ አያስወጣትም። በዚህ ዕድሜ የምናስተምረው ይህንን ነው። ማሸነፍና መሸነፍ ሲያድጉ ይደርሳል።»

ወደ እትዬ ውባንቺ ዞርኩ። ጠበቃ ሲሸነፍ ደንበኛውን ያያል።

«መውደቁስ?» አሉ እሳቸው። «ጉልበቷን እይው፣ ተልጧል።»

«እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ እንጂ አንድ ያየሁትን ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ።»

«ሣባ ስትወድቅ አላለቀሰችም። በእጇ መሬቱን ገፍታ ልትነሳ ነበር። የእርስዎን ድምፅ ስትሰማ ነው መልሳ የተኛችው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ወደዚህ ወንበር ታያለች፤ እርስዎ ከደነገጡ ክፉ ነገር ደርሶብኛል ብላ ታስባለች።»

የእትዬ ውባንቺ ፊት ተለወጠ። «እኔን ማለቴ ነው ጥፋቱ? እኛ አገር ልጅ ሲወድቅ እኔን የማይል ምን ዓይነት ሰው ነው? ዝም ብሎ የሚያይ ጨካኝ ነው።»

«እውነትዎን ነው፤ እኔም እናቴ እንዲሁ እያለች ነው ያሳደገችኝ። በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ ቃል የለም። የልጄ መከራ ለእኔ ይሁን ማለት እኮ ነው። እኔ የምለው ልጅቷ እስክትነሳ ትንሽ ይቆዩ ነው።»

እትዬ ውባንቺ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ የተናገሩትን እኔም ያን ያህል ዘመን ሳውቃቸው ሰምቼው አላውቅም።

«ልጄ፣ እኔ እዚህ አገር ስመጣ ታታ ሆኜ ነው የተቀጠርኩት። የሰው ልጅ መጠበቅ ማለት ነው። አንድ ቀን መናፈሻ ውስጥ ልጁ ከዥዋዥዌው ወደቀና ከንፈሩ ተሰነጠቀ። የዚያኑ ቀን ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። እንዴት ወደቀ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከዚያ ወዲህ በኔ እጅ ያለ ልጅ ወድቆ አያውቅም፤ እጄን ከሥራቸው እያደረግኩ ነው ያሳደግኳቸው። ፈረንጆቹም ውባንቺ ዘንድ ያለ ልጅ አይወድቅም ይሉ ነበር። ስሜ ይህ ነው። አሁን አንቺ ይውደቁ ትዪኛለሽ።»

ሃርነት ሣሩ ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«እናቴም ታታ ነበረች» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያኔ ልጁ ሲወድቅ የእርስዎም እንጀራ አብሮ ይወድቅ ነበር። ሣባ ግን የራስዎ ናት። ብትወድቅ ማንም ከቤት አያስወጣዎትም።»

እትዬ ውባንቺ ልጅቷን ጭናቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«እኛ እዚህ ለልጆቹ መጀመሪያ የምናስተምራቸው አወዳደቅን ነው» ብላ ቀጠለች። «እጅ መዘርጋት፣ መንከባለል፣ መነሳት። ሣሩ ለስላሳ ነው፣ ካስኮ አላቸው። ሣባ ዛሬ የምትወድቀው ከአጭር ነው እትዬ፤ ቁመቷ ይኸው ነው። ዛሬ መነሳት ካልለመደች ነገ ረዝማ ስትወድቅ ይብስባታል። ደግሞ ሶሊ እንደነገረችኝ መስከረም ላይ እርስዎ ሆስፒታል ነዎት፣ እሷ ሥራዋ ቤት ናት። በትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ብትወድቅ ማን ያነሳታል?»

ይህን ጥያቄ ስሰማ እኔ ራሴ ደነገጥኩ። አውቶቡስ ውስጥ ሁለቱንም ነገር፣ ትምህርት ቤቱንም ኦፔራሲዮኔውንም፣ በአንድ ትንፋሽ ነግረውኝ አንዱን ከሌላው ጋር አላገናኘሁትም ነበር። እሳቸውም አላገናኙትም ነበር መሰለኝ፤ ዐይናቸው እንባ ሞላ።

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አሉ።

«ዛሬ አንድ ተራ ብቻ ይስጡኝ። ብትወድቅ እኔን የሚለውን በልብዎ ይበሉት። የምር ከተጎዳች እኔ ራሴ እጠራዎታለሁ። ከዚያ በኋላ ላስወጣት ካሉ አልለምንዎትም።»

እትዬ ውባንቺ የልጅቷን ፊት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ከጭናቸው አወረዷት። «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉ። «ሂጂ።»

ሣባ እንደገና መታች። መጀመሪያውን ማረፊያ ረገጠች። ወደ ሁለተኛው ስትታጠፍ ካስኮዋ ዐይኗ ላይ ወረደና ከቅድሙ በባሰ አወዳደቅ ተዘረረች። እትዬ ውባንቺ ነጠላቸውን ጠቅልለው አፋቸው ላይ ደፈኑት፤ በሌላ እጃቸው ክንዴን እንዲህ አድርገው ያዙኝ፣ ለሳምንት አመመኝ። ልጅቷ ቀና ብላ ወደ ወንበሩ አየች። አያቷ አልተነሱም። መዳፏን አየች፤ ጉልበቷን አየች። እንደገና ወደ እኛ አየች። ከዚያ ካስኮዋን ወደ ላይ ገፋች፣ ተነሳች፣ ወደ የት መሮጥ እንዳለባት ጠፍቷት ተሽከረከረች። ሃርነት በጣቷ አመለከተቻት። ሣባ ሮጣ ቤት ገባች።

«ሳልቫ!» አለች ሃርነት እጆቿን ዘርግታ።

እትዬ ውባንቺ ነጠላውን ከአፋቸው ሲያወርዱ ፊታቸው በእንባ ርሷል። «ራሷ ተነሳች» አሉኝ፣ እኔ ያላየሁ ይመስል። «አየሃት? ማንም ሳይነካት።» ከዚያ ሣባ እየሮጠች መጣችና ጉልበቷን አሳየቻቸው። ያን ጊዜ እቅፍ አድርገው፣ የቆዩበትን ያህል ደጋግመው፣ «እኔን፣ እኔን፣ እኔን» አሏት። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ሳቀች።

በመልሱ ጉዞ አውቶቡሱ ሲቆም እትዬ ውባንቺ እንደ ልማዳቸው ልጅቷን ለማንሳት ጎንበስ አሉ፤ ትንሽ አሰቡና ቀና አሉ። ሣባ ብረቱን ይዛ ብቻዋን ወጣች። እሳቸው ከኋላ ቆመው እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቁ ነበር፤ ሹፌሩም አልቸኮለም።

የመጣውን ለውጥ ልናገር፤ የዚህ ሁሉ ወሬ ፍሬ እሱ ስለሆነ። ሣባ ክረምቱን በሙሉ ተጫወተች። ደረጃ ትወርዳለች፣ ጫማዋን ራሷ ታደርጋለች፣ ስትወድቅ ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ጉልበቷ ታያለች። ጓደኞች አገኘች፤ ከጓደኞቿ አንዱ ሲወድቅም ቆማ ትጠብቀውና ሲነሳ ብቻ «እኔን» ትለዋለች፤ የጣልያን ልጆች ቃሉን ለምደውታል። እትዬ ውባንቺም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሌሎቹን አያቶች ሰብስበው ልጅ አታቅፉ፣ እግሩ የተሠራው ለመሄድ ነው እያሉ ሲመክሩ ሰምቻለሁ፤ ሁልጊዜም ይህን ያውቁ እንደነበረ አድርገው ነው የሚናገሩት። አንባቢዬ ሆይ፣ የማንንም ፍቅር ቀንስ አልልህም። እጅህን ትንሽ አዘግየው ነው የምልህ። ልጁ ራሱን ማንሳት እንደሚችል የሚያውቀው በዚያች ትንሽ ጊዜ ነው።

መስከረም መጣ። ሣባ ትምህርት ቤት ገባች፣ እትዬ ውባንቺም ኦፔራሲዮኔያቸውን አደረጉ። በቀጣዩ እሑድ ከሶሊና ከሣባ ጋር ልጠይቃቸው ሄድኩ። በኮሪደሩ ውስጥ አካል የምታለማምደው ባለሙያ እስከ መስኮቱ ወንበር ድረስ ራስዎ ይሂዱ ብላቸው በብረት መደገፊያ አቁማቸዋለች። ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ተንገዳገዱ። ሶሊ «እኔን!» ብላ ልትሮጥ ስትል ሣባ ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘቻት።

«ተያት» አለቻት። «ታውቃለች።»

ከዚያ ሣባ በሌላ እጇ የራሷን አፍ ግጥም አድርጋ ዘጋች፤ ልክ አያቷ በነጠላ እንዳደረጉት። እትዬ ውባንቺ ይህን አዩ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው ቆሙ፣ መደገፊያውን ገፉ፣ ቀስ እያሉ ወንበሩ ጋ ደረሱና ተቀመጡ። ያን ጊዜ ሣባ እጇን ከአፏ አነሳች። ሁለት እጆቿን ግራና ቀኝ እስከሚችሉት ድረስ ዘርግታ፣ «ሳልቫ» አለቻቸው።