ለሞሪዮ የሚሆን ቃል

— ሄሎ?... አዎ፣ ትንባሆ ሱቁ ነው... ማን ልበል?... እንዴ፣ እትዬ ፉሚ! ድምፅሽን እንዴት ሳላውቀው ቀረሁ! በደህና ነው?... እኔማ ደህና ነኝ፤ ኪኑኤ ምን ትሆናለች ብለሽ ነው። ቶኩዞም ደህና ነው፤ ይኸው አጠገቤ ቁጭ ብሎ መረብ ይጠግናል... እግሩ?... ብርድ ሲመጣ ይጠዘጥዘዋል እንጂ ይራመድበታል።

— ስለ ማን?... ሞሪዮ? የእኛ ሞሪዮ፣ የውኃ በር ጠባቂው?... ቆይ እትዬ፣ ቀስ በይ። ለልጅሽ ለቺዙሩ?!

— (ቶኩዞ፣ ሬዲዮኑን ቀንስልኝማ! እህቴ ናት፣ ከኮቺ።)

— እሺ፣ አሁን ይሰማኛል። አማላጇ ሴትዮ ናት ያመጣችው?... ፎቶግራፉንም አይታችሁታል... አዎ፣ ጆሮው ትንሽ ይተልቃል፤ ፎቶው አልዋሸም።... በአንድ ቃል? ጋሼ ነው እንዲያ ያለው?... "ሰውዬው ምን ዓይነት ነው፣ በአንድ ቃል ጠይቂልኝ"... ባልሽ ደግሞ፣ ሰውን እንደ ቴሌግራም!

— አማላጇ ምን ብላ ጻፈች?... "ሕግ አክባሪ"... ውሸት አይደለም። ግን እትዬ፣ ሕግ አክባሪማ እኔም ነኝ። ቀይ መብራት ላይ የሚቆም ሁሉ ሕግ አክባሪ ነው። ሞሪዮ ግን መብራቱ ተበላሽቶ ቀይ ላይ ቢቀር፣ እስኪጠገን ቆሞ የሚያድር ሰው ነው።

— ምን እቀልዳለሁ! አንድ ልንገርሽ። ማዕበል ሲመጣ በሚዘጋው የውኃ በር ድልድይ ላይ ብስክሌት መንዳት ክልክል ነው። እናቱ ሰባ ዓመት አልፏታል። ዝናብ እየዘነበባት፣ ስኳር ድንች ጭና ስትመጣ ድልድዩ አፍ ላይ አስቆማት። "እማዬ፣ ውረጂ" አላት... አዎ፣ የገዛ እናቱን! ወረደች። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ብስክሌቱን እስከ ማዶ ድረስ ራሱ ገፋላት። መግፋት አልተከለከለማ!

— "ግትር"?... አይደለም። ግትር ሰው የራሱን ሐሳብ ይዞ ይሟገትሻል። ሞሪዮ ሙግት አያውቅም። ትጮሂበታለሽ፣ እስክትጨርሺ ይሰማሻል፣ አንገቱን ዝቅ ያደርግልሻል፤ ከዚያ ያንኑ ያደርጋል።

— "ደረቅ"ም አይደለም። ደረቅ ሰው ጥርሱ አይታይም፤ እሱ እንኳ ይስቃል። በዓል ሲመጣ የጎረቤቱን ሕፃናት ትከሻው ላይ እየጫነ ያዞራቸዋል።... አዎ፣ ተራ በተራ፣ በወረፋ! እንዴት አወቅሽ?

— እዚህ ሰፈሩ?... እዚህማ "ድንጋይ ራስ" ይሉታል... የለም የለም፣ ደደብ ለማለት አይደለም፤ ለጋሼ እንደዚያ ብለሽ እንዳትነግሪው! አንድ ጊዜ ጭንቅላቱ ላይ የተጻፈ ደንብ አይፋቅም ለማለት ነው።

— ቺዙሩ እዚያው ናት?... ፈራሁ ትላለች? ምኑን?... "ኑሮ ከባድ ይሆንብኛል"... ንገሪያት እስቲ፣ ያንን የቀድሞ እጮኛዋን፣ የጨርቅ ነጋዴውን፣ "ተጣጣፊ ሰው ነው፣ ከሁሉ ጋር ይግባባል" ብለሽ አልነበር ያሞገስሽልኝ? አየነው እኮ፣ ሠርጉ ሲቀርብ ተጣጥፎ የት እንደገባ!... ሳቀች?... እሰይ። ትሳቅ።

— ምን አልሽ?... "ክፉ ነው ወይ"...

— አይደለም፣ እትዬ። ክፉ አይደለም።... ግን ያልነገርኩሽ ነገር አለ...

— (ምንድን ነው ቶኩዞ?... "አትንገሪያት" ማለት ምን ማለት ነው? የልጅቷ ዕድሜ እኮ ነው!... እፈር እንግዲህ፣ እኔም አፍሬ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።)

— እትዬ፣ ትሰሚኛለሽ?... የቶኩዞ ጀልባ የተሰበረች ጊዜ ዓሣ አጥማጆች አወጡት ብዬሽ ነበር አይደል... ውሸቴን ነው። አትቆጪኝ፣ ጨርሼ ልንገርሽ። ያን ቀን ጠዋት ቀዩ ባንዲራ ተሰቅሎ ነበር፤ አውሎ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ይገባል ተብሎ። ባንዲራ ከተሰቀለ ጀልባ አይወጣም። ቶኩዞ ወጣ።... አዎ፣ ዐይኑ እያየ። "መረቤን ባሕር ከሚበላው" ብሎ። ለእናንተ ባንዲራው ሳይሰቀል ነው የወጣው አልን። የእኛ ጥፋት መሆኑን ማን ደፍሮ ያወራል?

— ከሰዓት ውኃው መጣ። በሩ ላይ ቀይ መስመር ተቀብቷል፤ ውኃው እሱን ሲነካ በሩ ይዘጋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከበሩ ወዲህ አርባ ቤት አለ፣ የእኛም ጭምር። ሮጬ ደረስኩ። ጀልባችን ከሩቅ ትታየኛለች፣ እንደ ቅጠል ስትገለባበጥ። "ሞሪዮ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ! ያውልህ፣ እየመጣ ነው!" አልኩት። ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ፣ እትዬ። እኔን አየኝ። ጀልባዋንም አያት። ከዚያ መስመሩን አየና "ነክቷል" አለ። "ነክቷል" ብቻ። መዘውሩን ያዞር ጀመር።

— አዎ... አዎ፣ ዘጋው። ባሌ ውጭ እያለ።... ምን እላለሁ? የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት፤ ሲያልቅብኝ ከሥር ጀመርኩት።

— ቆይ፣ አላለቀም፤ አትቸኩይ። ዘግቶ ሲያበቃ ወደ መዝገቡ ሄደ። አዎ፣ ወደ መዝገቡ! "አሥር ሰዓት ከአሥራ ሰባት፣ በሩ ተዘጋ" ብሎ ጻፈ። ቁልፉን ለረዳቱ ለሽማግሌው ሃያሚ አስረከበው። ማኅተሙንም አስመታው። እኔ ፀጉሬን እነጫለሁ፣ እነሱ ማኅተም ይመታሉ!... ለምን ትይኛለሽ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ ሥራ ላይ ያለ ጠባቂ ከበሩ አይርቅማ። ካስረከበ ግን ከሥራ ወጣ ማለት ነው፤ ገባሽ?... ማኅተሙ ሳይደርቅ ወገቡ ላይ ገመድ አሰረ፣ ባሕሩን የሚከልለውን ግንብ ወጣና ወደ ባሕሩ ወረደ።

— ራሱ ሞሪዮ ነዋ! ብቻውን። ገመዱን ከወዲህ ሃያሚና እኔ ይዘናል፤ መዳፌ ተላጠ። ጀልባዋ ግንቡን መትታ እንጨት እንጨቷ ቀረ። ለስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ ምንም አይታየኝም ነበር። ከዚያ ቶኩዞን በጀርባው አዝሎ በብረት መሰላሉ ብቅ አለ። እግሩ ተሰብሯል... ይተነፍሳል ግን። ይተነፍስ ነበር።

— ...እሺ፣ አላለቅስም። አንቺም አታልቅሺ።

— አርባው ቤት?... አንዱም ውኃ አልገባበትም። የእኔ ክብሪት እንኳ አልረጠበም።

— ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ በያ... በሦስተኛው ቀን ሪፖርት ጻፈ። "ቶኩዞ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ወጥቷል" ብሎ፣ ከነሰዓቱ። የማጥመጃ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ታገደ፣ እሱ ሆስፒታል ተኝቶ እያለ!... ቶኩዞማ "ባንድ እጁ ከባሕር አወጣኝ፣ በሌላው እጁ የብስ ላይ አሰመጠኝ" ይላል። ከዚያ ወዲህ ቃል ተንፍሶለት አያውቅም። እኔም ከባሌ ወግኜ፣ ሲጋራውን አቀብለዋለሁ፣ አፌን ግን አልከፍትለትም።

— እንደ እኔማ?... እንደ እኔ እንጃ፣ እትዬ። ሌሊት ሌሊት እያሰብኩ፣ አሥሩን ደቂቃ ቢጠብቅልኝስ እላለሁ። ውኃው ደግሞ አርባውን ቤት...

— ቆይ፣ ሰው መጣ... ኧረ ጉድ! እሱ ነው።... ሞሪዮ ነው እልሻለሁ! ስልኩን እንዳትዘጊ።

— (ግባ... እ... ደህና ዋልክ፣ ሞሪዮ።)

— ድምፄን ቀንሼ ነው የማወራሽ፤ ይሰማሻል?... ወረቀት ይዞ ነው። በየወሩ በሩን ለሙከራ ይዘጉታል፤ ከዚያ በፊት ወደቡ ዳር ያለ አባወራ ሁሉ ማስታወቂያውን አንብቦ የስሙን ማኅተም በእጁ ማሳረፍ አለበት።... እኔማ ልምታለት ብዬ እጄን ስዘረጋ "አባወራው ናቸው" ይለኛል። ቶኩዞ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እሱ ቆሞ ይጠብቅና "ፈቃደኛ አልሆኑም" ብሎ ጽፎ ይሄዳል። በነጋው ይመለሳል። በሦስተኛውም ቀን ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ሞክር ነው የሚለው ደንቡ።... በየወሩ! በየወሩ፣ ሦስት ጊዜ!

— አሁንማ ቆሟል። ባርኔጣውን አውልቆ ይዟል። ቶኩዞ መረቡን እያየ ነው... መርፌውን አስቀመጠ... እትዬ፣ ቶኩዞ ተነሣ።

— አላውቅም! እያነከሰ ወደ በሩ... (ቶኩዞ፣ ተው እንግዲህ፣ እህቴ ትሰማለች!... ምን?... ምንህን?)

— (መሳቢያው ውስጥ ነው። ከቴምብሮቹ በስተጀርባ።)

— ማኅተሙን ነው የጠየቀኝ።... አዎ፣ ማኅተሙን! ዝም በይ እስቲ... ወረቀቱን ተቀበለው... እያነበበ ነው... መታው። እትዬ፣ መታው!

— ቆይ፣ ሊናገረው ነው... "ችኮ!" አለው። ፊት ለፊቱ፣ "አንተ ችኮ!" ብሎ።... ሞሪዮማ ምን ይላል፣ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ወረቀቱን ያያል... አገላብጦ ያየዋል... አሁን ምን ቢለው ጥሩ ነው? "ጋሽ ቶኩዞ፣ ቀኑን አልጻፉበትም።"

— እውነቴን ነው! ቶኩዞ አፍጦ ቀረ። ጆሮው ሥር ቀላ... በቃ፣ ፈነዳ ልልሽ ነው... አይ... አይ፣ እየሳቀ ነው! ግድግዳውን ተደግፎ እየሳቀ ነው፣ እትዬ! ተንበርክኮ ቀኑን ይጽፍለታል።... አዎ፣ እኔም እየሳቅኩ ነው፤ እንባዬ ነው እንጂ የሚያስቸግረኝ።

— (ሻይ ልስጠው?... ሞሪዮ፣ አንድ ሲኒ ሻይ ጠጣ እንጂ... አሃ፣ ሥራ ላይ ነህ። በስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?... አሥራ አንድ። እንግዲያው በአሥራ አንድ ሰዓት ና። ቶኩዞም ይጠብቅሃል።)

— ...ሄደ። ሰማሽው? "በአሥራ አንድ ሰዓት ከስድስት እደርሳለሁ" አለኝ፤ ከበሩ እስከዚህ የስድስት ደቂቃ መንገድ ነዋ።

— አዎ፣ ቃሉን አገኘን። ለጋሼ "ችኮ ነው" በይው። ግን ማን እንዳለውም አብረሽ ንገሪው። ሞሪዮ በጀርባው አዝሎ ያወጣው ሰው ነው ያለው በይው።

— እኔን?... ልጅ ቢኖረኝ እሰጠው ነበር ወይ?... እሰጠው ነበር። ሳታለሳልሺው ንገሪያት፣ እትዬ፤ እንባዋን አይቶ ደንብ አይለውጥላትም። ተንበርክኬ አይቼዋለሁ። ይህን አውቃ ትምጣ። ከዚያ በኋላ ግንቡን የሚዘልላት እሱ ነው፤ ይህንንም ትወቅ።

— ምን አለች?... እሁድ? ልታየው? ትምጣ እንጂ! ቤታችን ቤቷ ነው።... በየትኛው ባቡር?... "ወደ አምስት ሰዓት ገደማ"... አይሆንም፣ እትዬ፣ ገደማ የሚባል ነገር አልነግረውም፤ ጣቢያው ሄዶ ከነጋ ጀምሮ ይቆምልሻል። ደቂቃውን ጠይቂና መልሰሽ ደውይልኝ።... አዎ፣ አሁኑኑ። በይ እንግዲህ፣ ደህና ዋይ፤ ልዝጋው።