ለመስቀል የተመረገው ግድግዳ

መስቀል ሲቃረብ የወባ ሠራተኞች ወልቂጤ መጥተው የቤታችንን ግድግዳ ዲዲቲ ረጩት። እናቴ ነጩን ዱቄት አየችና፣ «ልጄ ከአዲስ አበባ ለበዓል ሲመጣ ወፍጮ ቤት ላሳድረው እንዴ?» ብላ በጭቃና በእበት አሳምራ መረገችው። ወንድሜ መጣ፤ ክትፎውን በላ፤ ብዙም ሳይቆይ ወባ ጣለውና ቀበርነው። ረጪዎቹ ያነጋገሩት አባቴን ነው፤ ግድግዳ የምትመርገውን ሴት ያናገራት አልነበረም።

ዱቄቱ የወባ ትንኝ የሚገድለው ግድግዳው ላይ ሲቆይ መሆኑን ከብዙ ዓመት በኋላ በሰው አገር አነበብኩ። ለጥየቃ ስመለስ እናቴ፣ «አንቺ የተማርሽው፣ ያ መድኃኒት ልጄን ለምን አላዳነውም?» አለችኝ።

«ተራ ኖራ በጥብጠው ነው የረጩት፣ እማዬ። አታለውሽ ነው።»

«ጠርጥሬ ነበር!» አለችና እፎይ ብላ ረገመቻቸው።