ጫጩቶቹ የሞቁበት ቤት

የምስክሯ መጠሪያ፦ ልብስ አጣቢዋ
ዕድሜ፦ 54
አድራሻ፦ ከገበያው ጀርባ፣ ከሟች ቤት ጋር በግድግዳ የሚዋሰን ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ሟች ጎረቤቴ ነበሩ፤ እትዬ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። በጥርጣሬ የታሰረችው ምራታቸው፣ የታናሽ ልጃቸው ሚስት ናት። ችግር ለጠናባቸው ቤተሰቦች መቋቋሚያ የሚሰጥ ድርጅት ባለፈው ወር ለሁለቱም ሴቶች ጫጩቶች፣ መኖና ሥልጠና ሰጣቸው። ቤታቸው አንድ ክፍል በመሆኑ ከጫጩቶቹ ጋር አብረው ያድሩ ነበር። እትዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእኔ የሚሉት ነገር ኖሯቸው ስለማያውቅ ጫጩቶቹን «ልጆቼ» ይሏቸው ነበር።

የሟች ታላቅ ልጅ፣ ምራትየዋ አማቷን ትጠላ ነበር ብሎ ቃል መስጠቱን ሰምቻለሁ። እርግጥ ነው፣ እሳትና ጭድ ነበሩ። የተጨቃጨቀ ሁሉ የሚገዳደል ቢሆን ግን ሰፈራችን ወና በቀረ ነበር። እሱን ራሱን በዚያ ደጃፍ ያየሁት የእናቱ አስከሬን ሲወጣ ነው።

ማክሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ምራትየዋ ዕቃ ወደምታጥብበት ሆቴል ስትሄድ አይቻለሁ። ጫጩቶቹን የሚያሞቀው አምፖል በርቶ ነበር። 12 ሰዓት ላይ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። እትዬ ብርዱ ጫጩቶቹን እንዳይፈጅባቸው ከሰል አቀጣጥለው ምድጃውን ራሳቸው ወደ ክፍሉ አስገቡ። የድርጅቱ ሠራተኛ ከሰል ካለ በር ይከፈት ማለቱን ሁለታችንም ሰምተናል። ከሰሉ ግን ፍም ሆኖ ጭሱ ስለጠፋ ክፉ ነገር ያመጣል ብለን አላሰብንም።

ረቡዕ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ምራትየዋ ከሥራ ተመልሳ ስትጮህ ደረስኩ። እትዬ የጫጩቶቹን ካርቶን አቅፈው ተደፍተው ነበር። ከጫጩቶቹም አንድ አልተረፈም። ምራትየዋ ደረቷን እየደቃች «ከማን ጋር ልጨቃጨቅ እንግዲህ!» ስትል ነበር።

መርማሪው የበሩ ሥር ከውጭ በጨርቅ ተወትፎ መገኘቱን፣ እሷም የታሰረችው በዚሁ መሆኑን ነግረውኛል። ማክሰኞ ማታ ያጠብኩትን ልብስ ሰብስቤ ስመለስ እትዬ ከውስጥ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ነፋሱ በበሩ ሥር እየገባ ልጆቼን ሊጨርስብኝ ነው፤ በሞቴ፣ ከውጭ ድፈኚልኝ» አሉኝ። ከያዝኩት ልብስ አሮጌውን መርጬ ወተፍኩት። አሁንስ ይገባል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «አሁን ሞቀን፣ ተባረኪ» አሉኝ።

ይህን ሳደርግ ያዘዘኝ ሌላ ሰው የለም፤ ምራትየዋም አታውቅም። ልጅቱ ትፈታ።

የሰጠሁት ቃል ተነብቦልኝ ያልኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ማንም ሳያስገድደኝ እውነቱን ተናግሬ አሻራዬን አኑሬያለሁ።

የምስክሯ አሻራ ________
ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ ፊርማ ________