ኮርኒሱ ላይ የቆመው ግድግዳ

«ጠማማ ነው መቼ አልኩ ጋሼ!»

«ታዲያ ‹ይህ ግድግዳ አልደረሰም› ማለት ምን ማለት ነው? ቱንቢውን ጣዪበትና እዪ! ፀጉር ታህል ዝንፍ ካለ ከነገ ጀምሮ ሽንኩርት እቸረችራለሁ!»

ሽማግሌው ግንበኛ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስማቸውን ያቆሙት በቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። ዛሬም የመሥሪያ ቤቱ ምስጢራዊ ሰነዶች የሚቀመጡበትን ክፍል ሊያስረክቡ፣ ሸሚዛቸውን አስተኩሰው፣ ሠራተኞቻቸውን ከኋላ አሰልፈው ሲጠብቁ፣ ከደረጃው ብቅ ያለችው ተረካቢ መሐንዲስ የገዛ እህታቸው ልጅ ሆና አገኟት። ደስታቸው የቆየው ግን ቀና ብላ ኮርኒሱን እስክታይ ብቻ ነበር። «አልደረሰም» አለችና የርክክቡን ወረቀት ሳትፈርም አጥፋ ያዘችው። ያውም በሠራተኞቻቸው ፊት! በሠላሳ ዓመት አንድም ሥራ ተመልሶባቸው አያውቅም።

«ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፤ እጅዎ ይባረክ» አለች መሐንዲሷ ረጋ ብላ። «አልደረሰም ያልኩት ላይኛው ሶሌታ፣ የኮንክሪቱ ጣሪያ ጋ ነው። ከኮርኒሱ በላይ እኮ ክፍት ነው።»

«ኮርኒስ ከለበሰ በኋላ ማን ያየዋል? ሁልጊዜ የምንሠራው እንዲሁ ነው። ከላይ ያለው አየር ነው፤ አየር ደግሞ ብሎኬት አይፈልግም።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። የግንበኛውም ነፍስ መለስ አለች።

«ንድፉ እስከ ሶሌታው ይላል፣ ጋሼ።»

«ወረቀት ምን ያውቃል! ይልቅ በሩን እዪ። ድፍን ብረት፣ ሦስት ቁልፍ! ዝሆን ቢገፋው አይነቃነቅም።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንዎ። ባርኔጣዎን ውስጥ ያስቀምጡ፣ በሩን ይቆልፉ፣ ቁልፉንም ኪስዎ ይክተቱ።»

የልጅ ጨዋታ መስሏቸው እሺ አሉ። ሦስቱንም ቆለፉና በሩ ፊት እግራቸውን አንፈራጠው ቆሙ። እሷ ጎን ወዳለችው የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ገባች። ግንበኛው በሩን ለሠራው በያጅ የሆዳቸውን እየነገሩት፣ ወሬው ገና ሳያልቅ አንድ ሰው ትከሻቸውን ነካ አደረጋቸው። ዞር ሲሉ የእህታቸው ልጅ አቧራ ለብሳ፣ የሸረሪት ድር ተከናንባ፣ ባርኔጣቸውን ደፍታ ቆማለች! ጠረጴዛ ላይ ወጥታ፣ የኮርኒሱን ሰሌዳ ብድግ አድርጋ፣ በግድግዳው አናት ተሻግራ ገብታ፣ በመደርደሪያው ተንጠላጥላ በመጣችበት ተመልሳለች። በሩ እንደተቆለፈ ነው። ሠራተኞቹ አሁን ቀና ብለው ኮርኒሱን ያዩ ጀመር።

«ሌባ ሁሉ እንዳንቺ ድመት ነው እንዴ?» አሉ ድምፃቸው ሰለል ብሎ።

«የሚሰርቀው ወሬ ከሆነማ መውጣትም አያስፈልገው። ውስጥ ሆኜ ለበያጁ ‹ይህቺ ልጅ በግትርነት እናቷን ታስከነዳለች› ሲሉት ሰምቻለሁ። ድምፅም በአናቱ ይሻገራል።»

ብለዋል፤ ምን ያድርጉ! ጆሯቸውን አከክ አከክ አደረጉና፣ «ግን እኮ ልጄ፣ ዘበኛ አለ። ቁልፉን የምትይዘው የመዝገብ ቤት ሠራተኛም ጨዋ ሴት ናት። ሰው ካላመንን ምን ቀረን?» አሉ።

«እሷን ስለምናምናት እኮ ነው! ነገ አንድ ወረቀት ቢጠፋ፣ በሩ ደህና፣ ቁልፉ በእሷ እጅ። ማን ሊጠየቅ ነው? ግድግዳው ሶሌታውን ከነካ ግን የሚገባ ሁሉ በአንድ በር ይገባል፣ ስሙም ይመዘገባል። በጉልበት ልግባ የሚል ግድግዳ መፈንቀል ሊኖርበት ነው፤ ያ ጊዜ ይፈጃል፣ ይጮኻል፣ ምልክት ይተዋል። እስከዚያ ዘበኛው ይደርሳል። ግድግዳው ለዘበኛው ጊዜ ይሰጠዋል፣ ዘበኛው ደግሞ ግድግዳውን ይጠብቃል።»

ከዚያ ንድፉን ዘርግታ አስረዳቻቸው። የአየር ማስገቢያው ለምን የሰው ትከሻ እንዳያሳልፍ እንደጠበበና በብረት ፍርግርግ እንደተዘጋ፣ ስልክ ለምን ከበሩ ውጭ ባለ ሣጥን እንደሚቀር፣ መስኮት ለምን እንደሌለ። ይህን መስኮት ማጣት ግንበኛው እስከዛሬ የመሐንዲስ መርሳት ነው ብለው ሲያሙት ነበር። አሁን ግን አንድ ትርፍ መስመር እንደሌለበት አዩ። የሙያ ሰው ሌላ የሙያ ሰው ሲያገኝ የሚሰማው ደስታ ተሰማቸው፤ ቂማቸውም አብሮት ጠፋ። ግድግዳ ጣራ ብቻ የሚሸከም ይመስላቸው ነበር፤ ለካ የአንዲት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስምም ያርፍበታል።

ወደ ሠራተኞቻቸው ዞሩ። «ተሳስቻለሁ» አሉ ጮክ ብለው፤ ይህን ቃል ሚስታቸው እንኳ ሰምታው አታውቅም። «ኮርኒሱን አውርዱ፤ ስሚንቶም አቡኩ! ሶሌታው ጋ ሳንደርስ ማንም አይፈርምልንም፤ ሊፈርምልንም አይገባም!»

ባርኔጣቸውን ተቀብለው አራገፉና ወደ መሐንዲሷ ጠጋ አሉ። «እንዲያው ልጄ፣ ከላይ ያለውን የአለቃሽን ቢሮ ግድግዳም እንዲሁ ኮርኒሱ ላይ ነው ያቆምኩት። ምስጢር እንዳይሾልክባቸው ሄጄ ልንገራቸው ይሆን?»

«የእሳቸው እንኳ ይቅርብዎ» አለች ንድፉን እየጠቀለለች። «ስልክ ሲያወሩ የግቢው ዘበኛ የተጠራ መስሎት ‹አቤት!› ይላል።»