ሳሎኑን ምድጃ ያደረገው ማጉያ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ያዲራ ለጥገና ሱቋ ሽቦ ልትገዛ ባራንኪያ ከተማ ገበያ ዳር ወዳለው የኤሌክትሮኒክስ መደብር ጎራ ብትል፣ አጎቷ ዶን ኤልዩቴሪዮ ባንኮኒውን ተደግፈው ከሻጩ ጋር ሲጨቃጨቁ አገኘቻቸው። በእጃቸው ከድምፅ ማጉያቸው የወጣ የጠቆረ የመስታወት ቫልቭ ይዘዋል። ዶን ኤልዩቴሪዮ ሠላሳ ዓመት የወንዝ ጀልባ ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በሰፈሩ ማንም የማይደርስባቸው የዘፈን ሸክላ ሰብሳቢ ናቸው።

«አጎቴ፣ እንደገና?» አለች ያዲራ።

«ምን እንደገና? ሰው ጫማ አይቀይርም?»

«በየሁለት ወሩ አይቀይርም። ዶኛ ኔልቫ ተሻላቸው?»

የሚስታቸው ስም ሲነሳ ሽማግሌው ቫልቩን በመሐረብ መጠቅለል ጀመሩ። «ሻንጣ እያዘጋጀች ነው። ሶሌዳድ ከተማ፣ እህቷ ዘንድ ልትሄድ።»

«እስከ መቼ?»

«ሙቀቱ እስኪበርድ።»

«ባራንኪያ ውስጥ ሙቀት መቼ በርዶ ያውቃል?»

ሻጩ ሳቀ። ያዲራ ግን አልሳቀችም። ባለፈው እሁድ ዶኛ ኔልቫ ሳሎኑን ሲያቋርጡ ራሳቸውን ስተው ወድቀው ነበር። ሐኪሙ ልባቸው ደክሟልና ሙቀት አይንካቸው ብሎ ካዘዘ አራት ዓመት አልፎታል። ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ የዶን ኤልዩቴሪዮ ማጉያ አለ፤ ቫልቮቹ ቀልተው ከቀትር እስከ ማታ የሚነዱ፣ እንደ ምድጃ የሚፋጅ። የጎረቤት ጫጫታ እንዳይገባ መስኮቱ ይዘጋል። ቬንትሌተርም አይከፈትም፤ ንፋስ የጋለ መስታወት ከነካው ይሰነጠቃል ይላሉና።

ሽማግሌው ከመደብሩ ሲወጡ ያዲራ ሽቦውን ረስታ ተከተለቻቸው። «እኔ ጋ አንድ ማጉያ አለ። መጠኑ የሳሙና ሳጥን ቢያህል ነው። ዛሬውኑ ላምጣው።»

«ያ የዲ ክፍል የምትሉት? ዲጂታል! እኔ ቤት ዲጂታል አይገባም።»

«ዲ ማለት ዲጂታል አይደለም፣ አጎቴ! የማጉያ ዓይነቶች ሲሰየሙ ከኤ፣ ከቢ፣ ከሲ ቀጥሎ የመጣ ፊደል ነው። ይህን ስነግርዎ ስንተኛዬ ነው?»

«ፊደሉን ተይው። እኔ የማውቀው የከበደ ማሽን የከበደ ድምፅ እንዳለው ነው። የኔን ሁለት ሰው ተሸክሞ ነው ያስገባው።»

«ክብደቱ የብረትና የመዳብ ነው፤ የዘፈን አይደለም። የርስዎ ማሽን ቧንቧውን በግማሽ ከፍቶ ቀኑን ሙሉ እንደሚያፈስ ሰው ነው። ዘፈን ኖረ አልኖረ ኤሌክትሪኩን ይጠጣል፤ ከጠጣው አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ሚስትዎ ላይ ይወርዳል። አዲሱ ግን ወይ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፣ ወይ ብርግድ አድርጎ ይከፍታል፤ በሴኮንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ። የሚባክነው ጥቂት ስለሆነ እጅ አያቃጥልም።»

ዶን ኤልዩቴሪዮ መንገድ መሐል ቆሙ። «በይ ተያዝሽ! ዘፈኑን እንደ ሽንኩርት ይከትፈዋል ማለት ነው!»

«መውጫው ላይ ማጣሪያ አለ። የመክፈት የመዝጋቱን ጫጫታ አስቀርቶ ዘፈኑን ብቻ ያሳልፋል። እርግጥ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ጆሮ ይበሱ ነበር፤ ዛሬም ርካሹ ይበሳል። ጥሩው ግን አይበሳም።»

«ጆሮዬን ካንቺ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል አልሰሙም?»

ሰው በለመደው ነገር ሲሟገት ስለ ዕቃው የሚሟገት ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚሟገተው ስለ ራሱ ነው። ዶን ኤልዩቴሪዮም ማጉያው ተሳሳተ ከተባለ ሠላሳ ዓመታቸው የተሳሳተ መስሎ ታያቸው። ያዲራ ይህ ሳይገባት ቀርቶ አይደለም፤ ትዕግሥቷ አልቆ ነበር እንጂ።

ከሰዓት በኋላ ሳጥኗን ይዛ መጣች። ዶኛ ኔልቫ ጓሮ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠው ልብስ ያጥፋሉ። ያዲራ የሸክላ ማጫወቻውን ከአዲሱ ማጉያ ጋር አገናኝታ መርፌውን አሳረፈች። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚሄድ ዝንብ ነበር።

ዶን ኤልዩቴሪዮ ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። «ሦስት ዓመት ተምረሽ ያመጣሽልን ዝንብ ነው?»

ያዲራ ግንባሯን መታች። ሸክላ ማጫወቻ የመርፌውን ደካማ ድምፅ አስቀድሞ የሚያጎላ፣ ራሱን የቻለ መነሻ ማጉያ ይፈልጋል፤ የአጎቷ ማሽን ውስጡ ነበረው፣ የእሷ ሳጥን ግን የለውም። ስንቱን ሰው ስትመክር የኖረችውን ነገር ራሷ ረሳችው። በዚያ ፀሐይ ሱቋ ድረስ ተመልሳ ዕቃውን አመጣች። ስትመለስ ሸሚዟ ከጀርባዋ ተጣብቋል።

«አሁን እንዲህ እናደርጋለን» አለች እያለከለከች። «ሁለቱንም በአንሶላ እጋርዳቸዋለሁ። ድምፃቸውን በመለኪያ እኩል አደርጋለሁ፤ ጎላ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። አንዴ ያንን፣ አንዴ ይሄን አሰማለሁ። የርስዎ የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«ዓይኔን ጨፍኜ!»

አንድ የቆየ ፖሮ፣ የአገሩ የጭፈራ ዘፈን፣ ተጫወተ። «ይሄ የኔ ነው! ክላሪኔቱ እንዴት እንደሚሞቅ ስሚው!» አሉ። ያዲራ ወረቀት ላይ ጻፈች። ስምንት ጊዜ አለዋወጠች፤ ስምንት ጊዜም ሳያመነቱ መለሱ። ከዚያ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። አራቱን አግኝተው አራቱን ስተዋል። እንዴት እንደሚሞቅ የመሰከሩለት ክላሪኔት ከሳሙና ሳጥኑ የወጣው ነበር።

«አታለልሽኝ።»

«አንሶላውን ራስዎ ይግለጡ፣ ሽቦውንም ይከተሉ።»

ገለጡ። ሽቦውን በጣታቸው እስከ ጫፉ ተከተሉት፤ የጥገና ሰው ናቸውና ሽቦ አይዋሻቸውም። አሮጌውን ማጉያ ሊነኩ ሲሉ ሙቀቱ እጃቸውን መለሰው። አዲሱ ላይ ግን መዳፋቸውን ሙሉ አሳረፉ።

ያዲራ አሁን ልክ ነሽ ይሉኝ ይሆናል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን አንሶላውን ማጠፍ ጀመሩ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ በልቧ ስትራገም፣ ከበሩ የዶኛ ኔልቫ ድምፅ መጣ።

«ኤልዩ፣ ይሄን ፖሮ እኮ የሠርጋችን ዕለት ነው የጨፈርንበት። ከጓሮ ሆኜ ስሰማው አራት ዓመት ሆነኝ። አንተም አንድ ቀን ግቢ አላልከኝም።»

ሽማግሌው ዞረው ሚስታቸውን አዩ። ደረቱ ላይ በላብ የረጠበ ቀሚሳቸውን፣ የበሩን መቃን የያዘ እጃቸውን አዩ። በተከራከሩበት ሰዓት ሁሉ ስለ ድምፅ እንጂ ስለ ሰሚዋ አንድም ጊዜ እንዳላሰቡ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። አሮጌውን ማሽን ከግድግዳው ሶኬት ነቀሉት። መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱ፤ ቬንትሌተሩን ከመኝታ ቤት ራሳቸው አመጡ።

«ግቢ፣ ኔልቫ» አሉ በቀስታ። «ልጅቷ ልክ ነበረች።»

ዶኛ ኔልቫ ሶሌዳድ አልሄዱም።

በሁለተኛው ሳምንት ያዲራ በአጎቷ ደጃፍ ስታልፍ ሽማግሌዎቹ ዶሚኖ ይጫወታሉ። ዶን ኤልዩቴሪዮ የባልንጀራቸውን የዶን አቡንዲዮን ደረት በጣታቸው እየወጉ ስለ አዲሱ ማጉያ ይሰብካሉ።

«ስማ አቡንዲዮ! ቤትህ አይግል፣ መብራት አይበላብህ፣ ቫልቭ ፍለጋ ገበያ ለገበያ አትንከራተት፣ ሚስትህ ከጎንህ ተቀምጣ ትስማ! ደግሞ ሳታየው በድምፁ ብቻ ከአሮጌው አትለየውም። እኔ ድሮውንም እል ነበር፤ ሰው አይሰማኝም እንጂ!»

ያዲራ ቀጥ ብላ ቆመች። «ድሮውንም? አጎቴ፣ ድሮውንም?»

ከመስኮቱ ውስጥ ዶኛ ኔልቫ የኮሮሶ ፍሬ ጭማቂ ብርጭቆ አቀበሏት። «ተይው፣ የኔ ልጅ። የራሱ ሐሳብ ካልመሰለው አጥብቆ አይዝም። ይልቅ ግቢና አብረን እንስማ፤ ቦታ አለ።»

ያዲራ በረጅሙ ተነፈሰችና ገባች። ተቀምጣም አሰበች፤ ሰውን ከልማዱ የሚያላቅቅ እውቀት መልካም ነው፣ የተላቀቀው ሰው ምስጋናውን ለራሱ ሲወስድ ዝም የሚል እውቀት ግን ከዚያ ይከብዳል። እሷ የመጀመሪያውን ተምራዋለች። ሁለተኛውን ገና ጀመረችው።