የጋሪው ላይ ስም

ክቡራትና ክቡራን፣ የልብስ እጥበት ክፍል ባልደረቦቼ፣ ሥራችሁን አቁማችሁ ስለሸኛችሁኝ ፈጣሪ ያክብራችሁ። አለቃችን አቶ መስፍን በዚህ ሆቴል ውስጥ ከእኔ አፍ ይህን ያህል ቃል ሰምተው አያውቁም። አይስጉ፣ አላስመሽም።

በልብስ ጋሪዎቻችን ላይ የሚገፋውን ሰው ስም በቴፕ መለጠፍ የእኔ ሥራ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ጓደኛዬ መጽሐፍ ነው። አንድ ጊዜ ከዚሁ ከከተማችን ከኦሮራ ላይብረሪ ስለ ጥንቶቹ የሜክሲኮ ገዢዎች ስለ አዝቴኮች የተጻፈ መጽሐፍ ተዋስኩና የመጀመሪያውን ምዕራፍ አነበብኩ። በማግስቱ፣ ከሜክሲኮ የመጣችውን ኤውላልያን ላከብራት ብዬ፣ ጋሪዋ ላይ ስሟን አንስቼ «አዝቴክ» ብዬ ለጠፍኩ።

«ይቺ ማናት?» አለች።

«አንቺ ነሻ። የእነዚያ የታላላቆቹ ልጅ።»

«እኔ የትላክስካላ ሰው ነኝ። አያቶቼ ከእነሱ ጋር ሲዋጉ ነው የኖሩት። እነሱም ቢሆኑ ራሳቸውን ሜክሲካ ነበር የሚሉት።»

ኣውኣሎም ከማድረቂያው ኋላ ሆኖ ሰማን። «እትዬ ሠርካዲስ፣ እኔን ኤርትራዊ ለማለት ሁለት ዓመት ፈጀብዎት። እሷን በአንድ መጽሐፍ ጨረሷት?»

ሁላችሁም ሳቃችሁ። ኤውላልያ ግን አልሳቀችም። ከእኔ ጋር ምሳ መብላትም ተወች።

መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበብኩት ያኔ ነው። በአፈ ታሪካቸው፣ አዝትላን ከሚባለው የጥንት አገራቸው ወጥተው ሲጓዙ አምላካቸው «ከእንግዲህ ሜክሲካ ተባሉ» አላቸው። «አዝቴክ» የሚለውን በዓለም ያሰራጩት ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። ለካ እንደ ትላክስካላ ሰዎች ቋንቋቸውን የሚናገር ሁሉ ከእነሱ ወገን አልነበረም።

ለምን እንዲህ ከነከነኝ? አገር ቤት ሳለሁ ልታገለግለን የመጣች ልጅ ነበረች። ስሟ ለአፋችን ከበደንና ሌላ አወጣንላት። እሷም አቤት አለች። ዛሬ የፊተኛ ስሟን ላስታውስ ብል እምቢ አለኝ። ማንን ልጠይቅ?

ኤውላልያ ግን እዚሁ ነበረች። ቴፑን አንስቼ ማርከሩን ሰጠኋት። «አንቺው ጻፊው።» ቀስ ብላ ስሟን ጻፈች። ከዚያ የምሳ ዕቃዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ይኸው ዛሬም መጥታለች፤ የምለውን ሙሚና እየተረጎመችላት ነው። ኤውላልያ፣ አመሰግንሻለሁ።

እናንተንም አመሰግናለሁ። ነገ ጋሪዬን የሚረከብ ሰው ሲመጣ ማርከሩን ለራሱ ስጡት። በሄዳችሁበት ሁሉ እናታችሁ ባወጣችላችሁ ስም የሚጠራችሁ ሰው አይጥፋ። ያቺም ልጅ፣ የትም ትሁን፣ እንዲያ የሚጠራት ይኑራት። አሜን በሉልኝ።