የይርጋ መኪና ዝም አትልም

ደብረ ብርሃን፣ ማለዳ። የሟቹ የይርጋ ሚኒባስ አስከሬኑን እንደጫነች ከእናቱ ቤት ቅያስ አፍ ላይ ቆማለች፤ ጓደኛው ወንዲፍራው ወደ ኋላ ስትሄድ ቲት ቲት የምትለውን ማስጠንቀቂያዋን እንዲያጠፉለት የሰፈሩን የመኪና ኤሌክትሪሻን ጋሽ ማንደፍሮን ከቤታቸው ጠርቶ አምጥቷቸዋል።

ወንዲፍራው፦ እባክዎን ጋሽ ማንደፍሮ፣ እንዳያስጮኋት። እማማ ተዋበች ከዚያ አጥር ጀርባ ናቸው።

ማንደፍሮ፦ ካልጮኸች በምን አገኛታለሁ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እኮ ነው።

ወንዲፍራው፦ ልጃቸው መሞቱን አልሰሙም። መርዶው የሚነገረው ንስሐ አባታቸው ከቅዳሴ ሲወጡ ነው። እስከዚያ አስከሬኑን ጎረቤት ግቢ አስገብታችሁ አቆዩት አሉን ሽማግሌዎቹ።

ማንደፍሮ፦ ታዲያ በፊቷ አታስገባትም?

ወንዲፍራው፦ በሩ ላይ አትታጠፍም። ይርጋ ራሱ ስንቴ ሞክሮ ግንብ ልጦ ተመልሷል። ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነው የሚገባው። ቲት ቲት ስትል እማማ ነጠላ እንኳ ሳይደርቡ ነው የሚወጡት። ዛሬም ከሰሙ መጣልኝ ብለው…

ማንደፍሮ፦ ተው፣ አትጨርሰው። ገብቶኛል። በል የኋላ ማርሽ መብራቱን ሽቦ ቆርጫለሁ፤ አሁን የኋላ ማርሽ አስገባና ሞክራት።

ወንዲፍራው፦ እርግጠኛ ነዎት?

ማንደፍሮ፦ ሠላሳ ዓመት ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለህ? አስገባ።

ወንዲፍራው፦ ኧረ ጮኸች!

ማንደፍሮ፦ አጥፋ፣ አጥፋ። ይርጋ ለቲት ቲቷ ለብቻዋ ሽቦ ስቦላታል።

ወንዲፍራው፦ ሰምተው ይሆን?

ማንደፍሮ፦ የሳቸው ጆሮ ደክሟል፣ አይሰሙም።

ወንዲፍራው፦ ለዚህ አይደል እንዴ የገጠማት? የድሮዋን አልሰማ ሲሉት ትልቋን ገዝቶ መጣ። «እናቴ ሳትሰማኝ አልገባም» ብሎ ቀኑን ሙሉ ወለሉ ላይ ተደፍቶ ዋለ።

ማንደፍሮ፦ ወለሉ ላይ? ይሄንን ቀድመህ አትነግረኝም? እኔ ከኋላ መከላከያው፣ ከፓራውልቱ ስር ጭቃ ስጠርግ ትስቅብኛለህ።

ወንዲፍራው፦ ምን ሳቅ አለኝ ጋሼ። ዛሬ ስሜንም ቢጠይቁኝ አላውቀውም። ከኋላኛው ወንበር ስር መሰለኝ፣ ከምንጣፉ በታች።

ማንደፍሮ፦ የኋላኛው ወንበር የታለ?

ወንዲፍራው፦ ለሳጥኑ ብለን አወጣነው።

ማንደፍሮ፦ አዬ። እንግዲያስ ይርጋ ተኝቶባታል።

ወንዲፍራው፦ ሳጥኑን ለማንሳት ሰው ልጥራ?

ማንደፍሮ፦ መርዶ ሳይነገር ሬሳ መንገድ ላይ ሲወርድ ያየች የሰፈር ሴት ሳትጮህ የምታልፍ ይመስልሃል? ቲት ቲቷ ትሻላለች።

ወንዲፍራው፦ እንግዲያው ሞተር ሳናስነሳ እንግፋት።

ማንደፍሮ፦ ይሄን ዳገት? በዚህ ወገቤ? አንተም ብትሆን ቆመህ እየተንገዳገድክ ነው።

ወንዲፍራው፦ አቃተኝ፣ ጋሽ ማንደፍሮ። ከሰመራ እስከዚህ ስነዳ ከኋላዬ ዝም ብሎ ተኝቷል። አብረን መንገድ ወጥተን ይርጋ አንድ ቀን ዝም ብሎ አያውቅም። ሲያወራ፣ ሲተርት፣ ሲዘፍን ነው የምንገባው። እሱን ተናገር ብለው እምቢ አለኝ፤ መኪናውን ዝም በይ ብላት እምቢ አለችኝ።

ማንደፍሮ፦ አይዞህ ልጄ። አልቅስ፣ ግን ድምፅህን ዋጥ አድርግ።

ወንዲፍራው፦ ሽማግሌዎቹ አደራ ብለውኛል። እናቱ በሰው መሐል፣ ተደግፈው ነው መስማት ያለባቸው። ብቻቸውን ከሰሙ ልባቸው አይችለውም።

ማንደፍሮ፦ እሺ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ሳጥኑን ሳንነካ ሽቦዋን ከስር እፈልጋታለሁ። ፒንሳውን አቀብለኝ። … ቆይማ። ያ የማን በር ነው?

ወንዲፍራው፦ የቱ?

ማንደፍሮ፦ አሁን የተከፈተው።

ወንዲፍራው፦ እኔ ዞሬ ማየት አልችልም። እርስዎ ይንገሩኝ።

ማንደፍሮ፦ ነጠላ አልደረቡም። ድንጋዩን ከመንገድ አነሱለት። አሁን ቅያሱ መሐል ቆመው በእጃቸው «ና፣ ና፣ ግራህን ያዝ» እያሉት ነው።